አጎቴ ዘራቸውን ሲቆጥሩ

ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ ላሊበላ ሆስፒታል ስሄድ፣ አባቴ በሕይወት ስለሌሉ ታላቅ ወንድማቸው አጅበውኝ መጡ። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ማዶ ባለው አገራችን ልጅ ሲዳር፣ ዝምድና እንዳይገኝ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እኚህ አጎቴ ናቸው። ሴቶች ልጆቻቸውንም «ደማቸው የእኔ ነው፤ ከእናታቸው የወሰዱት ነገር የለም» እያሉ ነው ያሳደጓቸው። ሐኪሙ «ከዘመድ ጡቷን የታመመች ሴት ነበረች?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«በእኛ ዘር? ላስታን ጠይቅ ልጄ! ከነገሥታቱ የሚቆጠር ንጹሕ ዘር ነው።»

«እህቶች አሉዎት፣ አባቴ?»

«ነበሩኝ። ታላቂቱ የሰው ዓይን ወግቷት ሞተች።»

«ምኗ ላይ?»

«ጡቷ ላይ። ታናሺቱን ግን ጎረቤቷ ናት ድግምት ያስደገመችባት፤ እሷም ጡቷ ቆስሎ ሞተች። እናታችንንማ ምች ነው የመታት።»

ሐኪሙ ምኗ ላይ እንደመታት መጠየቁን ተወው። የሰው ዓይኑም ድግምቱም ምቹም አንድ ቦታ ብቻ እንዴት እንደሚያውቁ እንጃ!

«ይህ በዘር የሚመጣ ይመስላል» አለ ቀስ ብሎ። «በአባት በኩልም ይተላለፋል። የእርስዎም ሴቶች ልጆች መጥተው ቢታዩ ጥሩ ነው።»

አጎቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እኔ እብጠቴን ረስቼ አፍ አፋቸውን አያለሁ። ኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እነሱ እንኳ ቁርጥ እናታቸውን ናቸው።»