ለባሌ ማቅለያ ያልኩት ቡና

ባሌ ከመንግሥት ደን አንድ ዋንዛ ቆርጦ ቴፒ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለ ቀን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ዳኛው «ቅጣት የሚያቀልልህ ነገር ካለ ተናገር» ሲሉት አንገቱን ደፋ። ከታሰረብኝ ይህን የአራት ወር ልጅ ይዤ ምን እሆናለሁ ብዬ፣ ልጄን እንዳቀፍኩ ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ባሌ ደን አጥፊ አይደለም። ዛፉ የወደቀበትን ቦታ እንኳ ባዶ አልተወውም፤ ዙሪያውን መንጥሮ ቡና ተክሎበት ጸድቆለታል» አልኩ። እኛ ዘንድ እኮ ጫካ መንጥሮ ቡና የተከለ ሰው ጎበዝ ነው የሚባለው። አቃቤ ሕጉ ቶሎ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ባሌ ዞሮ አየኝ፤ ለካ ሌላ ጥፋት ጨምሬበታለሁ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና «እህቴ፣ ክሱ ላይ ያለው አንድ ዛፍ ነው፤ የምፈርደውም በእሱ ነው። አሁን ተቀመጪ፣ ሌላም እንዳትጨምሪ» አሉኝ። ስድስት ወር ፈረዱበት፤ በገደብ ስለሆነ ግን አብረን ወጣን። መናኸሪያ ስንደርስ ልጁን ከእጄ ተቀበለኝና «አልጋችንም የዚያው ደን ዋንዛ መሆኑን ስላልነገርሽልኝ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ።