በአቶ ከበበው በረት ስለ ተቆረጠው ብረትና ስለ ፈረሰው ግድግዳ

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ዘነቡ ሙሉሰው
ዕድሜ፦ ፵፩ ዓመት
ሥራ፦ የቤት እመቤት፤ የወተት ላሞች ታረባለች
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ፫ ሰዓት ተኩል
የተጠረጠረው ሰው፦ ነገሪ በንቲ፣ ዕድሜ ፴፬፣ የፉሪ ነዋሪ
ጉዳዩ፦ የሰው ንብረት ማበላሸት
ቃሉን ተቀብሎ የጻፈው፦ አሥር አለቃ ምትኩ ውዳሴ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በገዛ ፈቃዴ ነው። የክስ አቤቱታ ያቀረቡት አቶ ከበበው ደምሰው ባለቤቴ ናቸው፤ ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው። ነገሪ በንቲ ዘመዴ አይደለም። ቤታችን የሚመጣው ዕቃ ሲሰበር ለመጠገን ነው። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም።

ሰባት የወተት ላሞች አሉን። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ የድሮውን የእንጨት በረት አፍርሰው በድንጋይና በሲሚንቶ አዲስ በረት አሠሩ። ንድፉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ማታ ማታ ከመሥሪያ ቤት ሲመለሱ እየተቀመጡ ሦስት ወር ደከሙበት። ወለሉ እንደ ሳሎን የለሰለሰ ነው። የየላሟ ቦታ በብረት ቱቦ ተከፍሏል። ብርድ እንዳይገባ በማለት መስኮት አላስወጡለትም። ያየው ሰው ሁሉ ያደንቅ ነበር፤ እኔም ኮርቼበት ነበር። ነገር ግን ላሞቹ ከገቡበት ጀምሮ አልተመቻቸውም። ወለሉ ስለሚያንሸራትታቸው ለመተኛት ይፈራሉ። ጉልበታቸው አበጠ። ክረምት ሲገባ የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ላሞቹም ይስላሉ።

ነገሪ በንቲ ቀድሞ በአንድ ጋራዥ ብየዳ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። የውሃ ፓምፓችንን፣ የጋሪውን ጎማ፣ የሚያፈስ የወተት ዕቃ ሁሉ የሚጠግንልን እሱ ነው። ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያየው የተሰበረውን ዕቃ ሳይሆን ላሞቹን ነው። በረቱ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ዝም ብሎ ያያቸዋል። አንድ ቀን የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ ሰምቶ ሳይጠሩት ዘይት አደረገበት። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ በሩ በጮኸ ቁጥር ይቺ ጥቁሯ ትደነግጣለች፤ የደነገጠች ላም ወተቷን ትይዛለች» አለኝ። እኔ ስድስት ዓመት ሳልባት ይህን አላስተዋልኩም ነበር። ለባለቤቴም በፊቴ ሁለት ጊዜ፣ «ጌታዬ፣ ላሞቹ አይተኙም፤ ወለሉን አንድ ነገር እናድርገው» ብሏቸዋል። ባለቤቴም፣ «አንተ ፓምፕህን ሥራ» ብለው መለሱለት። ነገሪ ክፉ ቃል ሳይናገር ፓምፑን ሠርቶ ሄደ።

እሑድ ሐምሌ ፬ ቀን ባለቤቴ ለመንግሥት ሥራ ወደ ናዝሬት ሄዱ። ማክሰኞ ሐምሌ ፮ ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ግድም ነገሪ ግቢያችን ውስጥ ያለቀውን የፓምፕ ቆዳ ይቀይር ነበር። በዚህ ጊዜ አላቢያችን ገዲሴ ከበረት ጮኸች። ሮጬ ስገባ ቡሬ የምንላት የፈረንጅ ዲቃላ ላም ሲሚንቶው አንሸራትቷት ወድቃለች። አንገቷ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ተቀርቅሯል። ክብደቷ በሙሉ አንገቷ ላይ ነበር። ምላሷ ወጥቷል፤ ዓይኗም ተገልብጧል። የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። እኔ በድንጋጤ ጅራቷን ይዤ መጎተት ጀመርኩ። ነገሪ ደርሶ፣ «ይተዉ እትዬ፣ ሲጎትቷት ይብስ ታንቃታለች» አለኝና የብረት መጋዙን አወጣ።

ገዲሴ የላሟን ራስ ቀና አድርጋ እንድትይዝ አደረገ። እሱ ኮቱን አውልቆ በአንገቷና በቱቦው መካከል ወሸቀና መጋዙ እንዳይነካት ግራ እጁን ከሥር አስገባ። ላሟ በተንፈራገጠች ቁጥር ብረቱ እጁን ይጨፈልቀው ነበር። ደሙ በክንዱ ሲወርድ አይቻለሁ። እጁን አላወጣም። ሲቆርጥ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ያነጋግራት ነበር፤ የሚለውን አልሰማሁትም፣ ላሟ ግን ጆሮዋን ወደ እሱ አዞረች። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ቱቦው ሲበጠስ አንገቷ ኮቱ ላይ ወደቀ፤ ትንፋሿም ተመለሰ።

እኔ ቶሎ እናስነሣት ስል ከለከለኝ። በደረቷ እንድትተኛ አገላብጠን በሁለቱ ጎኗ ጭድ የሞላ ጆንያ ደገፍንላት። «አትቸኩሉባት፤ እግሯ ደም ሲያገኝ እሷው ትነሣለች» አለ። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ምሳ ባቀርብለት ከአጠገቧ ሳይነሣ በላ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቡሬ ተንገዳግዳ ተነሣች። ገዲሴ እልል አለች። ነገሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንባ እንደመጣበት ገባኝ።

ከዚያ በኋላ፣ «ነገ ሌላዋ ብትወድቅስ?» አልኩት። «ትወድቃለች እትዬ» አለ። ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ጠየቅሁት። ወለሉን በመሮ ማሻከር፣ ከላዩ ሰጋቱራና ጭድ መጎዝጎዝ፣ ነፋስ በማይበረታበት በኩል ከጣራው ሥር ግድግዳውን ሁለት ቦታ መክፈት ነው አለኝ። «ነገር ግን ጌታዬ ይምጡና ይጠየቁ» አለ። እኔም፣ «ጌታህ ዐርብ ነው የሚመጡት፤ እኔ አዝዤሃለሁ፣ ሥራ» አልኩት። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ይህን ገዲሴም ሰምታለች።

ረቡዕ ሥላሴ ስለ ነበረ መዶሻ አላነሣንም። ሐሙስ ሐምሌ ፰ ቀን ከማለዳ ጀምሮ በቆሰለ እጁ ሲሠራ ዋለ። ወለሉን የሰው ጣት በሚያህል ልዩነት እየፈለፈለ ሸንተረር አወጣለት። ግድግዳውን ሁለት ቦታ ከፈተ። የተቆረጠውን ቱቦ ጫፍ ቆዳ እንዳይቧጭር በሞረድ አለሰለሰ፤ የሌሎቹን ቱቦዎች መካከልም አንገት እንዳይዝ አድርጎ አሰፋ። ከእንጨት መሰንጠቂያ ሰጋቱራ በጋሪ አመጣ። ሥራውን ሲጨርስ ወለሉ ላይ በገዛ ጉልበቱ ተንበረከከና ሄድ መለስ አለበት። «አሁን አያምም» አለ።

ዐርብ ማለዳ ለማለብ ስገባ ከሰባቱ ላሞች አምስቱ ተኝተው ያመሰኳሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ባልዲዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እንዳይነሡብኝ ሳሳሁ። ሳሉ ቀንሷል። የዚያን ቀን ወተት ከወትሮው በሦስት ሊትር በለጠ።

በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ከናዝሬት ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ በረት ገቡ። ግድግዳውንና ብረቱን ሲያዩ፣ «ማነው ይህን ያደረገው?» ብለው ጮኹ። ነገሪ የቡሬን አንገት ሊያይ መጥቶ እዚያው ነበር። እኔ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝና፣ «እኔ ነኝ ጌታዬ። እትዬ አላወቁም፤ ቤት ውስጥ ነበሩ» አለ። ወደ እኔም አላየም። ያለው ሐሰት ነው። የዋሸው ከባለቤቴ ጋር እንዳልጋጭ ብሎ ነው። እኔም በትዳሬ ዘመን ትእዛዛቸውን ሽሬ ስለማላውቅ ፈራሁና ዝም አልኩ። በማግሥቱ ቅዳሜ ነገሪ ተያዘ። እዚህም ጣቢያ ያንኑ ቃል እንደ ደገመ ሰምቻለሁ። ሁለት ሌሊት ታስሮ ሲያድር እኔ በቤቴ ተኝቼ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን ልሰጥ ጣቢያ እሄዳለሁ» አልኳቸው። «ዐርብ ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። «ፈርቼዎት» አልኩ። ይህን ስል ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን?» አሉ። ከዚያም ወደ በረት ገብተው ቆዩ። ምን እንዳዩ፣ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። መንገድ ስጀምር ከኋላዬ ዣንጥላ ይዘው መጡ። እስከዚህ ድረስ አብረን መጣን። አሁን ውጭ ቆመዋል።

ብረቱ የተቆረጠው ነፍስ ለማዳን ነው፤ ግድግዳው የፈረሰው በእኔ ትእዛዝ ነው። ጥፋት ነው ከተባለ በስሜ ይጻፍልኝ። ነገሪ በንቲ በቤቴ የሰበረው ነገር የለም።

የሰጠሁት ቃል ይህ ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጎደለም የተጨመረም የለበትም። ያየሁትንና ያደረግሁትን በእውነት መናገሬን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዘነቡ ሙሉሰው
የጸሐፊው ፊርማ፦ አሥር አለቃ ምትኩ ውዳሴ

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ከዚህ በላይ ያለው ቃል ከተፈረመ በኋላ አቶ ከበበው ደምሰው ገብተው እንዲነበብላቸው ጠየቁ። በምስክሯ ፈቃድ ተነበበላቸው። አቤቱታቸውን ማንሣታቸውን በጽሑፍ አመለከቱ። ነገሪ በንቲ ከቀኑ ፮ ሰዓት ከማረፊያ ክፍል ወጥቶ ሲቀርብ አቶ ከበበው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ፤ የተጠቀለለውን እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ወንበራቸውን ለቀቁለት። እሱ እምቢ ቢልም፣ እሱ እስኪቀመጥ ድረስ እሳቸው አልተቀመጡም።