ከሌዘሩ ሥር የተገኙት ስሞች

በእኛ ጊዜማ የጊታር ድምፅ ማጉያ እንደ ዛሬው ከሱቅ ተመርጦ የሚገዛ ነገር አልነበረም፤ ከተሰበረ በገዛ እጃችሁ ትጠግኑታላችሁ፣ አለዚያ በባዶ ጉሮሮ መዝፈን ነው። እኛ በቀበሌው ኪነት አምስት ነበርን። ዳኛቸው ጊታር ይመታል፣ ሥራው ግን አናጢነት ነው። ሙሉ ትዘፍናለች፣ ካሳ ድራም፣ እንግዳ አኮርዲዮን፣ እኔ ፈንቴ ደግሞ ቤዝ። ታዲያ አንድ ጊዜ ደባርቅ ለበዓል ተጫውተን ስንመለስ ማጉያው ከመኪና ላይ ወደቀና ሳጥኑ ፍርክስክስ አለ፣ እና ዳኛቸው ቁጭ ብሎ በኮምፔንሳቶ አዲስ ሳጥን ሠራለት፣ ቀይ ሌዘርም አለበሰው፣ የሶፋ ሌዘር። ሸጋ አድርጎ ነው የሠራው። የምነግራችሁ የዚያን ሳጥን ነገር ነው።

ኪነቱ ሲበተን ዳኛቸው ሳጥኑን ይዞ ኮሶዬ እህቱ ቤት ገባ። ብዙም አልቆየ፣ ታሞ ሞተ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሙሉ ሞተች። ካሳ ደግሞ ከሞተ ዛሬ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመብራት ሽቦ ስዘረጋ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፣ እና ሽቦና ድምፅ ለእኔ ተአምር አይደሉም፣ ይህን ያዙልኝ።

አምና ክረምቱ ሲወጣ የዳኛቸው እህት የሺመቤት ደወለችልኝ። አያ ፈንቴ፣ ና ይኼን ሳጥን ውሰድልኝ አለችኝ። ምነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን የዘር ገብስ ታኖሪበት አልነበር ወይ ብላት፣ በስልክ የሚነገር አይደለም አለች።

ሄድኩ። ኮሶዬን ታውቁታላችሁ፣ በቀትርም ብርድ ነው፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ቤቱን ይውጠዋል። የሺመቤት ሳጥኑን ከቤት አውጥታ በረቱ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀምጣዋለች። ምን አጠፋ ብላት፣ ዝም ብለህ ቁም አለችኝ። ቆምኩ። ነፋሱ በገደሉ በኩል መጣ፣ እና ሳጥኑ "እምምምም" አለ። እንዲህ፣ ስሙኝ፣ "እምምምም"፣ አፉን ገጥሞ እንደሚያንጎራጉር ሰው። ላሞቹ ማመንዠክ አቁመው ቀና አሉ።

"ሦስት ቦታ አዛወርኩት" አለች የሺመቤት፣ "የትም ባደርገው ያው ነው።"

እኔ ሳቅሁ። የስፒከሩ ወረቀት ተቀዷል፣ ነፋስ በጀርባው ሲገባ ይርገበገባል፣ ሌላ ነገር የለውም ብዬ አስረዳኋት። ይሁን አለች። ሚኒባስ ላይ ስንጭነው ግን እጇን አላስነካችም።

ጎንደር እቤት አመጣሁት። ባለቤቴን አስካለን ታውቋታላችሁ፣ ነርስ ሆና ጡረታ የወጣች ሰው ናት፣ ወሬ አትፈራም። አድሰህ ምን ታደርግበታለህ አለችኝ፣ ልጆቻችን በየቦታቸው ሄደዋል፣ እጄ ሥራ ፈትቷል፣ ልሥራበት አልኳት። ታዲያ በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ በረንዳ ላይ አወጣሁትና በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ስፒከሩን አነሳሁ፣ ከየስንጥቁ ገብስ ይንጠባጠባል፣ የአይጥ ሽታ አለው። ከዚያ ሌዘሩን በቢላ ጫፍ መላጥ ጀመርኩ። ማጣበቂያው ደርቆ ዱቄት ሆኗል፣ ሌዘሩ እንደ ቁስል ቅርፊት እየተነሳ ይመጣል። የቀኝ ጎኑን ስልጥ እንጨቱ ላይ ጽሑፍ አየሁ። በአናጢ እርሳስ፣ ጠንከር ተደርጎ፣ ከላይ ወደ ታች፦ ዳኛቸው፣ ሙሉ፣ ካሳ፣ እንግዳ፣ ፈንቴ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ዳኛቸው ነፍሱን ይማረውና ስማችንን ጽፎ ከሌዘሩ ሥር ቀብሮት ኖሯል አልኩና አስካለን ጠራኋት። መጣች፣ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ደግማ አነበበች።

"ከሁሉም ቀድሞ የሞተው ማን ነበር?" አለችኝ።

"ዳኛቸው።"

"ከዚያስ?"

ከዚያማ ሙሉ ናት። ከዚያ ካሳ። ልክ በተጻፈው ተራ። አስካለ መነጽሯን አወለቀችና "ፋቀው" ብላ ወደ ቤት ገባች።

አፍሬ ነው የምነግራችሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁና መፋቅ የጀመርኩት ከራሴ ስም ነው። ፋቅሁት፣ ፋቅሁት፣ እርሳሱ ግን እንጨቱ ውስጥ ሰምጧል፣ እና በፋቅሁት ቁጥር በዙሪያው ያለው እንጨት እየነጣ ስሜ ይባሱን ይጎላል። እጄን ሰበሰብኩ። ያን ጊዜ ነው ከእኔ በላይ ያለው ስም ትዝ ያለኝ። እንግዳ።

ከእንግዳ ጋር እንነጋገርም ነበር እንዴ? ሦስት ዓመት ተኳርፈናል። ካሳ የሞተ ጊዜ እኔ አልጋ ይዤ ነበርና ቀብሩ አልደረስኩም፤ እንግዳ ደግሞ በሰው ፊት ፈንቴ ከተማ ገብቶ ሰው ረሳ አለ አሉኝ። እኔም ይበለው ብዬ ዘጋሁት። ያን ቀን ግን ስልኩን ፈልጌ ደወልኩ፣ አይሠራም። በማግስቱም ደወልኩ፣ አይሠራም። ያ የተላጠ ሳጥን በረንዳው ላይ እንደ ተገፈፈ ሰው ቁጭ ብሎ ያየኛል። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ ወደ ኮላ ድባ ወረድኩ።

ሴት ልጁ በር ላይ አገኘችኝና አለቀሰች። እንግዳ ውስጥ ተኝቷል፣ እግሩ እንደ በርሜል አብጦ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ይተነፍሳል። ሆስፒታል አልሄድም ብሎ ወር ሞልቶታል። እኔን ሲያይ ኩርፊያውም ጠፋው።

"ማን ነገረህ?" አለኝ።

ምን ልበል? ሳጥን ልበል? ዝም ብዬ ናፈቅኸኝ አልኩት፣ ያም ውሸት አልነበረም። ሰው ተረባርቦ መኪና ውስጥ አስገባነው፣ ጎንደር አደረስነው፣ አስካለ ከፊት ከፊት እየሄደች ሐኪም ዘንድ አቀረበችው። ልቡ ደክሟል፣ ውሃ ቋጥሯል አሉን፤ ትንሽ ብትዘገዩ እንዲህ አናገኘውም ነበር አሉ። ተኝቶ ታከመና ሲሻለው እቤቴ አመጣሁት፣ ትንሽ እንዲያገግም። ሳጥኑን ግን አስካለ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍና በረንዳው ጥግ ደብቃዋለች። እንዳትነግረው አለችኝ፣ ልቡ ነው የታመመው።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነፋስ ተነሳ። እና ያ ነገር ከብርድ ልብሱ ሥር "እምምምም" አለ። ልብ በሉ፣ ስፒከሩን አውጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ወረቀት የለው፣ የሚርገበገብ የለው፣ ባዶ ሳጥን ነው። ኮሶዬ ላይ ለየሺመቤት ያስረዳሁት ሁሉ ያን ጊዜ አልሠራልኝም።

እንግዳ ምንድን ነው እሱ አለኝና እኔ ሳልቀድመው ተነስቶ ብርድ ልብሱን ገለጠ። አነበበ። እኔ ልቡን እያየሁ ነው፣ ደረቱን። ዞሮ አየኝ።

"የኛ ሳጥን ነው" አለ።

"አዎ። ዳኛቸው ጽፎት ኖሯል።"

"ዳኛቸው? ዳኛቸው ፊደል መቼ ቆጠረና?"

እውነት ነው። ዳኛቸው ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር፣ የኪነቱን ወረቀት በጣቱ ነበር የሚፈርም። ይህን እኔ እንዴት እረሳለሁ? አብሬው ስንት ዓመት።

"አንተ ነህ የጻፍከው" አለኝ እንግዳ። "እኔ ሌዘሩን ወጥሬ ይዣለሁ። ዳኛቸው የኛ መሆኑ እንዲታወቅ ስማችንን ጻፍበት ብሎ እርሳሱን ሰጠህ። በማን ልጀምር አልከው፣ እንደመጣልህ አለህ። ዓይንህን ጨፍነህ ቆየህና ሳታቋርጥ ጻፍከው። ስቀንብህም ነበር።"

አስካለ ከቤት ሆና ሰምታን የድሮ ደብተሬን አምጥታ ጎን ለጎን ያዘችው። "ፈ"ዋ እግሯ ጎብጦ፣ "ው" ቀለበቷ ሰፍቶ። የእኔው እጅ ነው። እኔ ግን ያን ቀን አላስታውስም። እስከ ዛሬ አላስታውስም፣ እርሳሱንም፣ ሳቃቸውንም። ሰው የገዛ እጁን ሲፈራ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

በኋላ እንግዳ ከመሣሪያዎቼ መሃል አንድ እርሳስ አንስቶ ሰጠኝ። "እንግዲያውስ አንተ ከጻፍከው አንተው አስተካክለው፣ እኔን ከታችህ አድርገኝ" አለ። አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ አይስቅም። አስካለ እኔ አላይም ብላ ገባች። እርሳሱን ተቀበልኩ።

ከዚያ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንኩ፣ አጥብቄ አሸሁት፣ ማስቲሹን ቀባንና እስኪይዝ ጠብቀን ጥቁር ሌዘር አለበስነው፣ እሱ ይወጥራል፣ እኔ እጫናለሁ፣ ማዕዘኑን አጥፈን በትንንሽ ሚስማር መታነው። ለስፒከሩም አዲስ ወረቀት አስገባሁለት። ያው እዚያ ጥግ የምታዩት ነው። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ቢመጣ ቢሄድ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝምታው ነው የሚከብደኝ፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጆሮዬ እዚያው ነው። እንግዳ ኮላ ድባ ገብቷል፣ ደህና ነው፣ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፣ ስልኩን ካላነሳ እኔ ምግብ አይበላልኝም፣ እሱም እንደዚያው ነው።

ምን አልሽ ልጄ? የስሙን ተራ ቀየሩት ወይ?

(ይስቃሉ) ሌዘሩ በማስቲሽ ነው የተጣበቀው። ሁለታችንም ከሄድን በኋላ ላጪውና ታነቢዋለሽ።