ያዋለደው ክላክስ

«ነጋ ቡልተኒ፣ ኦቦ ከዲሮ! እንዴት አደሩ? ብርዱንስ እንዴት ቻሉት? ዘንድሮ የአሰላ ሰማይ ምን ነካው በሉ… ጠዋት በር ስንከፍት ጭጋጉ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ገብሱ ግን ደህና ነው አሉኝ። እሰየው…»

ሸዋዬ ይህን የምትለው ጋራዡ በር ላይ መለዋወጫ ለሚሸጡት ለኦቦ ከዲሮ ነው። ዓይኗ ግን እሳቸው ላይ አልነበረም። ከእሳቸው ጀርባ፣ አንድ የተከፈተ ኮፈን ውስጥ አጎንብሶ የሚሠራውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ዘሪሁንን ነበር የምታየው። የሚታያት ወገቡ ብቻ ቢሆንም ጆሮው እንደሚሰማት ታውቃለች።

ያረጀች ፒክአፗ ላይ ሌላ ሞተር ስታስገጥም የሞተሩ ሽቦ አጥሮ ዳሽቦርዱ ጋ አልደርስ ብሎ ነበር። አንድ በአንድ ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ መልሶ ያገናኘው ዘሪሁን ነው። ትናንት በዚያችው ፒክአፕ የወንድሟን ሚስት ቢፍቱን ከጢቾ ስታመጣ መንገድ ላይ ጉድ ሆነች። ዛሬ የመጣችው ለዚያ ነው። ለመጣላት ግን አይደለም። በጠብማ ተጯጩኸው ይወጣላቸዋል፤ እሷ የፈለገችው እንዲቆረቁረው ነው።

«እኔማ ለምስጋና ነው የመጣሁት። መኪና አሠርቶ ለምስጋና የተመለሰ ሰው አይተው ያውቃሉ? ስሙን አልጠራም፤ ጥሩ ሰው በአደባባይ ሲያመሰግኑት ይሸማቀቃል። ግን እጁ! እጅ ነው ያ? ሌላው ሠራተኛ ሽቦውን ልላጠው፣ ልበይደው፣ በየቀለሙ ላዛምደው እያለ ይንጨረጨራል። እሱ የት ጊዜ አለው? ጥምዝ፣ ጥምዝ… ናስትሮ ልጥፍ! ቀለም መምረጥ ብሎ ነገርም እሱ ዘንድ የለም፤ ሁሉም ቀይ። እንዲህ ያለ አድልዎ የማያውቅ ሰው ዳኛ ሳይሆን መቅረቱ ነው የሚቆጨኝ። ናስትሮውንስ ሲያለብሰው? የሙሽራ ቬሎ በሉት። ከቬሎው ስር ማን እንዳለች… እሱ እንግዲህ የባልየው ጣጣ ነው።»

ኦቦ ከዲሮ ነገሩ ስለገባቸው አቀርቅረው ብሎን መለየት ጀመሩ። ከኮፈኑ ስር ይሰማ የነበረው የመፍቻ ድምፅም ቀነሰ።

«ትናንት ቢፍቱን ይዤ እየመጣሁ ነው። ወሯ ስለገባ ሐኪም አጠገብ ትሁን ብለን። ዳገቱ ላይ ጭጋግ ዋጠን፣ ዝናቡም ወረደ። የመስታወት መጥረጊያውን ብነካው… መጥረጊያው ዝም፣ ክላክሱ ጯ! ለካ ዝናብ አይጠረግም፣ ይጮኹበታል! ቀጥሎ ሞተሩ ጠፋ፤ ክላክሱ ግን ማን ይንካው? አባቶች ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› ሲሉ ሱሪ መስሎኝ ነበር… ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›ም ይላሉ። አንበሳውን እንጃ፤ የእኛ ሽቦ አብሮ አብሮ መኪና አሰረ።»

እዚህ ላይ ሳታስበው ድምፅዋ ተሰበረ። ቢፍቱ ክንዷን ጨምድዳ «ሸዋዬ፣ መጣ!» ያለቻት ትዝ አላት። መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ስልኳም ኔትወርክ አልነበረውም። የወንድሜን ቤት በገዛ እጄ አፈረስኩት ብላ ነበር። ይህን ግን ለጋራዥ አትነግርም፤ ዋጥ አደረገችውና ሳቀች።

«ምጡ መጣ ልልዎት ነው! ከቢፍቱና ከክላክሱ ማን አብልጦ እንደጮኸ እንጃ። ይሄኔ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ‹ሠርግ ነው እንዴ?› እያሉ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ። አንዲት እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ገቡ፤ የድንች ጆንያ አነጠፍን፤ ጨረቃ የመሰለች ልጅ! እናትም ልጅም ደህና ናቸው። እስቲ ያ ክላክስ ባይጮህ ማን ይሰማን ነበር? መኪናዋ እንደ ሰው መኪና ብትሄድ ኖሮ እኮ ሐኪም ቤት ደርሰን፣ ንጹሕ አልጋ ላይ ስንጉላላ እንውል ነበር። ከስንት መከራ አዳነን! ሴቶቹማ ‹ልጅቷን ክላክስ በሏት› አሉን። እኔም ልሸልመው ብዬ በድንጋይ ብመታው ነው ዝም ያለው።»

ዘሪሁን ከኮፈኑ ስር ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ተጎትታ መጥታ በር ላይ ወደቆመችው ፒክአፕ ሄደ። ኮፈኗን ከፈተና የገዛ ናስትሮውን ከጫፍ ጀምሮ ይተረትር ገባ። የተለበለበ ሽቦ ሽታ ወጣ። የጠቆረውን ቅጥል አንድ በአንድ ነቀለ። ከዚያ ቀዩን ሽቦ ሁሉ እየቆረጠ መሬት ላይ ጣለው፤ እንደ አዲስ ሊሠራው ነው።

ሸዋዬ አየችው። አንጀቷ ሊራራ ምንም አልቀረውም። የዘሪሁን ሚስት ዳናዊትም ወሯ እንደገባ ጋራዡ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። የቢፍቱ ጩኸት ግን ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ወደ ኦቦ ከዲሮ ዞራ ድምፅዋን እንደ ማር አለሰለሰችው።

«ምስጋና ያለ ምርቃት አይሆንም፤ አሜን ይበሉ፣ ኦቦ ከዲሮ። የዚያን ባለሙያ እጁን ይባርክለት። ትዳሩን ያለምልምለት። የሚስቱም ቀን ሲደርስ ማርያም ትቅረባት፣ መንገዱን ታቅናላት… ሐኪም ቤት የምታደርሳትንም መኪና፣ ከመኪና ሁሉ መርጣ፣ እሱ በገዛ እጁ የሠራትን ታድርግላት።»