ካሎሪ ከትራስ ሥር

ግቢ፣ ግቢ የኔ ዓለም! ዝናቡ አበሰበሰሽ አይደል? ጃንጥላሽን እዚያ በሩ ሥር አቁሚው... ከሻንጣዋ አጠገብ። የእንግዳ ሻንጣ ናት፤ ባዶ ስለሆነች ብትገፊያትም አትቀየምሽም። ነይ እዚህ ስፌት መኪናው ጋ ተቀመጪ፣ ይሄን ቀሚስ እየተረተርኩ ላጫውትሽ። ትንሿን እህቴንስ ሰላም አልሻት? ያቻት መስኮቱ ሥር፣ የጭማቂ ጠርሙሷን ታቅፋ። ስልኳ ላይ ሥራ ይዛለች፣ አንረብሻት።

እማዬ ደህና ናት። ጓዳ ጋደም ብላለች፤ በሩን ገርበብ ያደረግኩት ትንፋሿን ልሰማ ብዬ ነው። ትናንት ሾርባ ጠጣችልኝ፣ ዛሬ ደግሞ እንቁላል ከነአስኳሉ! ምነው ደነገጥሽ? አስኳል እኮ ነው፣ ጥይት አይደለም። አሃ... አንቺም ሰምተሻል ማለት ነው። ዘንድሮ ያልተማረ ማን አለ!

እኔም ብሆን ዕድሜ ለአንድ አዋቂ፣ ዓይኔ የበራው በቅርቡ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም። የሩቅ ሰው ናቸው። ሥራቸው ሰውን በስልክ ማክሳት ነው። ሙቺ እውነቴን ነው! ጠዋት ተነስተው መስታወት ፊት ይቆሙና "ውዶቼ" ይላሉ፤ ውዶቻቸው ባሉበት ሆነው ይከሳሉ። የት ተማሩት እንዳትዪኝ። ለአንዳንድ ሰው እውቀት በእንቅልፉ ነው የሚመጣለት፤ እኛ ነን እንጂ ደብተር ይዘን ስንመላለስ ያረጀነው።

ለመሆኑ ካሎሪ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ካሎሪ ማለት ምግብ ውስጥ ያለ ጉልበት ነው። አይታይም፣ አይጨበጥም፣ ግን ይቆጠራል። እሳቸው ደግሞ ሲቆጥሩ ለጉድ ነው! የድንቹ፣ የዳቦው፣ የሻይዋ ስኳር፣ አንዷም አታመልጣቸውም። የማይታየውን እንዲህ አጥርቶ የሚቆጥር ሰው... ፊቱ የቆመችን አሮጊት የጎድን አጥንት መቁጠር እንዴት አቃተው? ተይው፣ አጥንት ካሎሪ ስለሌለው ይሆናል።

እማዬ እኚህ አዋቂ ቤት ከርማ የለ? እኔማ ደስ ብሎኝ ነው የሸኘኋት። እኔ ቤት እኮ ዝም ብላ ነበር የምትጠግበው፣ ያለ ፕሮግራም። እዚያ እንደደረሰች ሚዛን ላይ አወጧት፣ ክብደቷን ከቁመቷ ጋር አሰሉና "ቢኤምአይሽ ከፍ ብሏል" አሏት። ያን ሁሉ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ ስትወርድ አንድም ሰው ስንት ትመዝኛለሽ ብሏት አያውቅም። እንኳን ደስ ያላት፣ በስተርጅና መዛኝ አገኘች።

ቁርስ ቀረ። ረሃብ እንዳይመስልሽ! በፈረቃ መመገብ ነው የሚባለው። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ስብ ይበላል አሉ። ስቡ ሲያልቅስ? ብዬ ብጠይቅ ተሳቀብኝ፤ "ሜታቦሊዝም አልገባሽም" ተባልኩ። ሜታቦሊዝም ለካ ሰውነት የበላውን የሚያነድበት እሳት ነው። እኔ መሃይሟ፣ እሳት እንጨት ካልጨመሩበት ይጠፋል ብዬ ነው የኖርኩት። ምሳዋ ደግሞ ቅጠል ነበር። ፋይበር አለው፤ ሆድ ገብቶ ሳይፈጭ የሚወጣ ነገር ነው፣ ለጤና ጥሩ ነው። እኔም ሆዴ ገብቶ ያልተፈጨልኝ ብዙ ነገር አለ... ለጤና መሆኑን ግን የነገረኝ የለም።

ቁጭ ብድግም አሠርተዋታል። እኛ ተማሪ ቤት ቁጭ ብድግ በሉ ስንባል ቅጣት ይመስለን ነበር፣ ስፖርት ነው ለካ! እማዬ ብቻ ምን እንዳጠፋች አልተነገራትም። ማታ ደግሞ አረንጓዴ ጭማቂ። ዲቶክስ ነው፣ ከሰውነት መርዝ ያወጣል። እማዬ ምን መርዝ እንዳላት እንጃ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። መቼም ይሄ ጭማቂ ለሌላ አፍ ታዝዞ በስህተት... ኧረ ውኃ! አይ፣ ለአንቺ አይደለም፤ ትንሿ እህቴን ትን አላት። ቀስ እያልሽ ጠጪ እንጂ፣ የኔ እናት።

ፎቶውን አይተሽዋል? "በፊት" እና "በኋላ" የሚለውን። በፊት ወፍራም እናት፣ በኋላ ቀጭን እናት። ስንቱ "ወጣት መሰሉ" አለ መሰለሽ! ሁለተኛው ላይ እማዬ ወገቧን ጨብጣ የቆመችው አምሮባት አይደለም፣ ቀሚሱ እንዳይወልቅባት ነው። ያ ቀሚስ ይኸው፣ እጄ ላይ ያለው። አጥብቢው ተባልኩ፣ አጠበብኩ። አሁን መልሼ እየፈታሁት ነው። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እንስቅ ነበር አይደል? ምጥስ ይሁን። እኛን መብላት ላስተማረች ሴት አለመብላትን ማስተማር ግን ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ከዚያማ አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ተጠርቼ ሄድኩ። ሐኪሙ አገላብጦ መረመራት፣ በሽታ ፈልጎ አጣባት። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እኚህ እናት የሚያበላቸው ሰው የላቸውም እንዴ?" አለኝ። ምን ልበለው? "አዋቂ አላቸው" አልኩት።

ልብሷን ልሰበስብ አዋቂው ቤት ስሄድ ትራሷን አነሳሁ። ከበደኝ። ትራስ ይከብዳል እንዴ? የትራሱን ልብስ ገልጬ እጄን ብሰድ... ዳቦ። በመሐረብ የተቋጠረ ደረቅ ዳቦ፣ ጠርዙ በድዷ የተመጠመጠ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ የለ? ብቅልማ ካሎሪው ብዙ ነው፣ እዚያ ቤት አይገባም፤ ትራስ አወጣው። እኛ ልጆች ሳለን የራሷን ድርሻ "አልራበኝም" እያለች የምታካፍለን ሴት፣ በገዛ... በሰው ቤት ልበል እንጂ፣ በሰው ቤት ዳቦ ሰረቀች። ምን እዋሽሻለሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ግን ፍረጂ ከተባልኩ ጥፋቱ የእማዬ ነው። ዳቦ ካርቦሃይድሬት ነው ተብላ ነበር!

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔ እንኳ በእኚህ ሰው ይሄን አልተርትም። መጽሐፍማ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ይደርቃል።

አሁን እማዬን መልሰው ሊወስዷት አስበዋል። ፕሮግራሙ አላለቀማ! ውዶቻቸው ሦስተኛውን ፎቶ እየጠበቁ ነው። ልብሷ የሚጫንበት ሻንጣ ሳይቀር መጥቷል። ጠዋት እማዬ ሻንጣዋን ስታይ ምን አለችኝ መሰለሽ? "ዳቦዬን የት አስቀመጥሽው?" አለችኝ። በሹክሹክታ... በራሷ ልጅ ቤት ተቀምጣ። አትሄድም። ይህችን ብቻ ሳልሸፍን ነው የምናገረው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ እማዬ ከዚህ ቤት አትወጣም።

ኧረ ትንሿ እህቴ፣ ተነሳሽ? ዝናቡ ሳያባራ? እንግዲያው ሻንጣዋን ለባለቤቷ አድርሽልኝ። ባዶዋን ናት፣ አትከብድሽም፤ ሻንጣም ቢሆን ከስቶ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። ምርቃቴንም አድርሽ፣ የታላቅ ምርቃት ነው፣ መሬት አይወድቅም። ዕድሜ ይስጣቸው። ፀጉራቸው እስኪነጣ፣ ጥርሳቸው እስኪረግፍ ያቆያቸው። ልጆቻቸውን ይባርክላቸው፤ እናታቸውን እያዩ ያደጉ አዋቂዎች ያድርግላቸው። ያን ጊዜ እሳቸው እናታቸውን በያዙበት እጅ ልጆቻቸው ይያዟቸው፣ ለእናታቸው በሰፈሩበት ሰፍረው ያብሏቸው። አሜን በይ እንጂ! የትራሳቸውን ልብስ እኔው እሰፋላቸዋለሁ... ብዙ እንዲይዝላቸው ሰፋ አድርጌ።