ወጪ የተባሉት ነርስ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ሠራተኞቹ «እማማ ፋሻ» እያሉ የሚጠሯቸው የግንባታ ቦታ ነርስ፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። አባታቸው ከእንጨት መወጣጫ ወድቀው ወገባቸው ከተሰበረ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ ሲውሉ፣ አገላብጠው የሚያጥቧቸው እርሳቸው ስለ ነበሩ፣ ነርስነትን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ጀመሩት ማለት ይቻላል።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በሆስፒታል ካገለገሉ በኋላ፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ወደ አንድ ሕንፃ ተቋራጭ ሲዛወሩ ወዳጆቻቸው «ከሲሚንቶ አቧራ ምን አገናኘሽ?» ቢሏቸውም፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይዘው ዐሥራ ስምንት ዓመት ተቀመጡ። ሠራተኛው ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ዓይን ዓይኑን እያዩ የደከመውን ያስቀራሉ፤ መርፌ የሚፈራ ሲገጥማቸውም «ክሬን የምትነዳ ሰውዬ ይህችን ትፈራለህ?» እያሉ ያስቁታል።

ኋላ ግን ሥራ አስኪያጁ «ነርሷ ጡብ አትደረድርም፤ ወጪ ናት» ብለው አሰናበቷቸው። በሦስተኛው ወር አንድ የፌሮ ብረት ሠራተኛ ማለዳ ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ራሴን ያዞረኛል» ቢላቸው፣ ግፊቱን ለክተው «ዛሬስ አትውጣ ልጄ» አሉት። «የእረፍት ወረቀት ከሌለኝ ያባርሩኛል» አላቸው። ከተሰናበቱ ወዲህ ፊርማቸው የማይሠራ ሆኖባቸው ሸኙት። ረፋዱ ላይ ከሰባተኛው ፎቅ ወደቀ፤ አልተረፈም።

ከሁለት ወር በኋላ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀርበው፣ ሥራው የቆመበትን አርባ ቀን፣ ለሟች ቤተሰብ የተከፈለውን ካሳና ፈርተው የሄዱትን ባለሙያዎች አንድ በአንድ ቆጥረው «የእኔ የዘጠኝ ዓመት ደመወዝ በአንድ ረፋድ ወደቀ» አሏቸው። ሥራ አስኪያጁም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሥራቸው መለሷቸው፤ በድርጅቱ ሌሎች ሕንፃዎችም ነርስ ቀጠሩ። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ሕንፃዎች ሰው ወድቆ አልሞተም። ሰው ግን ይህን አንስቶ ሲያመሰግናቸው ፊታቸው ይጠቁር ነበር፤ «ለሰው ነፍስ በገንዘብ ተከራከርኩ፤ ያውም ዘግይቼ» ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ማለዳ በር ሲንኳኳ፣ ከመክፈታቸው በፊት የግፊት መለኪያውን ያነሡ ነበር። አቧራው ያደከመው ሳንባቸው በመጨረሻ አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ «ያ ልጅ ቆሞ ቀረ፤ ወንበር ስጡት» ይሉን ጀመር። መጀመሪያ «ማንም የለም» እንላቸው ነበር። ኋላ ልጃቸው ወንበር አምጥታ ከአልጋው አጠገብ አኖረች። እርሳቸውም እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘርግተው፣ የማይታየንን ክንድ የያዙ ያህል ጣታቸውን አጥፈው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና በሰላም ወርደው ቤታቸው የገቡ ብዙ ሠራተኞችን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከጭንቀታቸው ያሳርፍልን፤ ያንንም ልጅ ከእርሳቸው ጋር ያሳርፍልን።