የማትረሳዋ ቺፕ

(ጥር ወር፣ ረፋድ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፣ ዶክተር ጋሻው ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ያለችውን የዶክትሬት ተማሪውን እማዋይሽን በር ላይ ይዟታል።)

ጋሻው፦ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የለመንኩሽ! ቺፗን እይልኝና ሂጂ።

እማዋይሽ፦ የማንን ቺፕ?

ጋሻው፦ የኛን ነዋ።

እማዋይሽ፦ መጽሔቱ ላይ ያወጡት ጥናት እንደዚያ አይልም፣ ዶክተር። የእርስዎ ስም ብቻ ነው ያለው። ምስጋናው ውስጥ እንኳ የለሁም።

ጋሻው፦ ዛሬ «ዶክተር» ሆንኩ? ጋሼ አልነበርኩም?

እማዋይሽ፦ ነበሩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ጋሻው፦ ሌሎች እንዳይቀድሙን ቸኩዬ እኮ ነው።

እማዋይሽ፦ ስም መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለቺፗ የምትሆን፣ ከወረቀት መቶ ሺህ ጊዜ የምትቀጥን ሉህ አገኛለሁ ብዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ጥቁር ማዕድን በፕላስተር ስልጥ ጣቴ አብሮ ተላጠ። ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ትቼ እናቴን ላስታምም ሄድኩ፤ ስመለስ ደብተሬ መጽሔት ሆኖ ጠበቀኝ!

ጋሻው፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ሰኞ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ቺፗ እንደ አንጎል ነርቭ ስትማር፣ የተማረችውንም ስትይዝ ማየት አለባቸው። ከኅዳር ወዲህ ግን መቶ ጊዜ ምልክት ብልክባት ትረሳዋለች።

እማዋይሽ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጋሻው፦ ተረቱን ተይው! ካልሠራች ቤተ ሙከራው ይዘጋል። ያንቺም መመረቂያ እዚሁ ነው ያለው።

እማዋይሽ፦ አሁን እየለመኑኝ ነው ወይስ እያስፈራሩኝ?

ጋሻው፦ እየለመንኩሽ። በእናትሽ! ዛሬውኑ ለመጽሔቱ ማረሚያ ልኬ ስምሽን ከኔ በፊት አስገባዋለሁ።

እማዋይሽ፦ ደብተሬን እስከ የት ነው ያነበቡት?

ጋሻው፦ እስከ ውጤቱ።

እማዋይሽ፦ ቀጣዩን ገጽ አልገለጡትም?

ጋሻው፦ ምን አለው?

እማዋይሽ፦ ሙከራው ነሐሴ ላይ ነበር፤ ያ መስኮት ደግሞ አይገጥምም። የዝናቡ እርጥበት ገብቶ ሉሁ ሥር ተኝቷል። ቺፗን አሙቄ ሳደርቃት የተማረችው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። አራት ጊዜ ደገምኩት። ሲያስታውስ የነበረው ውሃው ነው እንጂ ሉሁ አይደለም።

ጋሻው፦ ውሃ?

እማዋይሽ፦ አዎ፣ ውሃ። በጋው ሲገባ ደረቀ፤ እሷም ረሳች። በቀይ እስክሪብቶ «ውድቅ፤ ለጋሼ ንገሪ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ጋሻው፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!

እማዋይሽ፦ ከሆስፒታል ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አላነሱም። ለካ ያኔ እየጻፉ ነበር! ያንገበገበኝ ስሜ መቅረቱ ብቻ መሰለዎት? «እማዋይሽ፣ ይሄ ነገር እርግጥ ነው?» ብለው አንዲት ቃል ቢጠይቁኝ ኖሮ አድንዎት ነበር።

ጋሻው፦ እሺ… ሰኞ ጠዋት ትንሽ እንፋሎት ብናስነካትስ? ለአንድ ሰዓት ብቻ። ማን ያውቃል?

እማዋይሽ፦ ጋሼ! እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት?

ጋሻው፦ ስምሽ አንደኛ ይሆናል አልኩሽ እኮ!

እማዋይሽ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የእኔማ ወርቅም አልነበረም። ያቺን ገጽ ትናንት ለመጽሔቱ አዘጋጆች ልኬላቸዋለሁ። «አንቺም ከጸሐፊዎቹ ነሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ኧረ የለሁበትም፤ የእሳቸው የብቻቸው ሥራ ነው» አልኳቸው።